ቻትስወርዝ ስትሄዱ ከአትክልቱ ጀምሩ

እናቴ ባለፈው ዓመት ከአርባ ምንጭ መጥታ ሸፊልድ እኔ ጋ ሦስት ወር ቆየች። ለንደን ወሰድኳት፣ ደከማት። የገበያ ማዕከል ወሰድኳት፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ "በቃ እንሂድ ልጄ" አለች። ቻትስወርዝ የሄድን ቀን ግን እኔ አውቶቡስ እንዳያመልጠን ስቻኮል፣ "ትንሽ እንቁም" እያለች የምትጎትተኝ እሷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼ ይጠይቁኛል። እንዴት ነው የሚኬደው? ምን ይታያል? ገንዘቡስ ያዋጣል ወይ? አምስት ጊዜ ስለሄድኩ ለሁላችሁም በአንዴ ልጻፍላችሁ።

ቻትስወርዝ እንግሊዝ አገር ደርቢሸር ውስጥ፣ ፒክ ዲስትሪክት በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ፣ ደርወንት ወንዝ ዳር ያለ የመኳንንት ቤት ነው። ቦታውን ሰር ዊሊያም ካቨንዲሽና ባለቤቱ፣ የሃርድዊኳ ቤስ የምትባለው፣ በ1549 ገዙት (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ዛሬ የምናየውን ቤት አብዛኛውን የሠራው የመጀመሪያው የዴቨንሸር ዱክ ነው። ዱክ ማለት መስፍን እንደማለት ነው። በ1687 ጀምሮ ሃያ ዓመት ፈጀበት። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ እዚያው ይኖራል። ካቨንዲሽ የሚለውን ስም ያዙልኝ፤ በኋላ እመጣበታለሁ።

መንገዱ ቀላል ነው። ከሸፊልድ አውቶቡስ መናኸሪያ 218 ቁጥርን ያዙ፣ ቻትስወርዝ ያወርዳችኋል። አንድ ሰዓት አይሞላም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ከፊት ተቀመጡ። ከተማው ካለቀ በኋላ ያለው ሜዳና ገደል ራሱ ጉብኝት ነው። ከለንደን የምትመጡ ከሆነ በባቡር ሸፊልድ ወይም ቼስተርፊልድ ድረስ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና የሚመጣ ሰው የማቆሚያ ክፍያ እንዳለ ይወቅ። ከመነሳታችሁ በፊት የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚመለስ አይታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ። እሁድ ደግሞ የሰዓት ሰሌዳው ስለሚለይ ደግማችሁ እዩት።

ትኬቱን ቀድማችሁ በኢንተርኔት ግዙ። ቤቱንና አትክልቱን አንድ ላይ የሚያሳይ አለ፣ አትክልቱን ብቻ የሚያሳይም አለ። እውነቱን ለመናገር ውድ ነው፤ በተለይ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ። ገንዘብ ካጠረ የአትክልቱን ብቻ ግዙ። አይቆጫችሁም። ምንም መክፈል የማትፈልጉ ከሆነ ደግሞ በወንዙ ዳር ያለው ሰፊ መስክ በእግር ለሚመጣ ሰው በነጻ ነው። በጎች ይግጣሉ፣ ከድልድዩ ላይ ቤቱ በሙሉ ይታያል፣ ሣሩ ላይ መቀመጥ ይቻላል። ቤቱ በብርዱ ወራት፣ ከፈረንጆቹ ጥር መጀመሪያ ጀምሮ ለሳምንታት ይዘጋል። ለፈረንጆቹ ገና በጣም ያሸበርቃል፣ ግን ሰዉ ብዙ ነው። እኔ የምመርጠው ግንቦትና ሰኔን ነው።

ጫማ! ጠጠር አለ፣ እርጥብ ሣር አለ፣ ዳገት አለ። አትክልቱ ብቻ 105 ኤከር ነው። ስኒከር አድርጉ። ጠዋት ፀሐይ ቢሆንም የዝናብ ጃኬት ያዙ። ውሻ የምትፈሩ ካላችሁ ደግሞ አስቀድሜ ልንገራችሁ። እዚህ ሰዎች ውሻቸውን በገመድ ይዘው አትክልቱ ውስጥ ይገባሉ። እናቴ መጀመሪያ በየውሻው እጄን ጨምቃ ያዘች። እስከ ምሳ ለመደችው።

አሁን ዋናው ምክሬ። ብዙ ሰው እንደገባ በቀጥታ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ አደረግኩ። ሠላሳ የሚጠጋ ክፍል በተጨናነቀ ሰዓት አልፌ፣ ዓይኔ ደክሞ፣ እግሬ ዝሎ ወደ አትክልቱ ስወጣ የቀረኝ ጊዜ አንድ ሰዓት ነበር። ፏፏቴውን ከሩቅ አይቼ ተመለስኩ። ሁለተኛም ጊዜ ደገምኩት። ስለዚህ ትኬት ስትገዙ የቤቱን መግቢያ ሰዓት ካስመረጧችሁ ከሰዓት በኋላውን ምረጡ። ጠዋቱን ለአትክልቱ ስጡ።

አትክልቱ ውስጥ ውሃውን ተከተሉ። ከቤቱ በስተደቡብ ረጅም ኩሬ አለ። ከመሃሉ አንድ ውሃ ወደ ሰማይ ይተኮሳል፤ የንጉሠ ነገሥቱ ፋውንቴን ይሉታል። ስድስተኛው ዱክ በ1844 የሩሲያው ዛር (ንጉሠ ነገሥት ማለት ነው) ኒኮላይ ቀዳማዊ ይመጣል ብሎ ነው ያሠራው። ግማሽ ዓመት ገደማ ብቻ ነበራቸው፣ ሠራተኞቹ ሌሊት በችቦ ብርሃን ጭምር ቆፈሩ። ዛሩ ግን ቻትስወርዝ ሳይደርስ ቀረ። ውሃው እስከ 90 ሜትር መውጣቱ ተመዝግቧል። በነፋሻ ቀን ዝቅ ያደርጉታል። እኔን የሚገርመኝ ሞተር የሌለው መሆኑ ነው። ከላይ ኮረብታው ላይ ሐይቅ ቆፍረው ውሃውን በቧንቧ አወረዱት። ከፍታው ራሱ ይገፋዋል። እናቴ ይህን ስነግራት ቀና ብላ ኮረብታውን ፈለገች። "እንደ ቦይ ማለት ነው። ከላይ ከፈቱት፣ ከታች ይመጣል" አለች። ዕድሜዋን በመስኖ ውሃ ተራ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት፤ ከእኔ በፊት ገባት።

የደረጃው ፏፏቴ ከቤቱ በስተምሥራቅ ነው። ግሪሌ የሚባል ፈረንሳዊ በ1696 የሠራው፣ በኋላ ከፍ ተደርጎ እንደገና የተሠራ ነው። ውሃው በ24 ተርታ የድንጋይ ደረጃ ይወርዳል። ደረጃዎቹ እኩል ስላልሆኑ ድምፁ በየቦታው ይለያል። አሮጌ ሥራ ነውና ለጥገና የሚቆምበት ጊዜ አለ። ውሃ ይኑረው አይኑረው ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጻቸውን እዩ።

ከዚያ የዛፉን ፋውንቴን ፈልጉ። ዛፍ ይመስላል፣ ግን ከመዳብ የተሠራ ነው። ከየቅርንጫፉ ሳታስቡት ውሃ ይረጫል። የመጀመሪያው የቆመው በ1692 ነው፤ አሁን ያለው ከእሱ በኋላ የተተካ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ገና የ13 ዓመት ልዕልት ሳለች በ1832 መጥታ በዚህ ዛፍ ተደስታለች። እናቴ "ይሄስ ደርቋል" ብላ ልትነካው ስትጠጋ ረጫት። ነጠላዋን እያራገፈች የሳቀችው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ልጆች ካሏችሁ ቅያሪ ልብስ ያዙ።

ዘመናዊ ሥነ ጥበቡም ብዙው ያለው ውጭ ነው። ብዙ ሰው "ቅርጻ ቅርጽ አይገባኝም" ብሎ ያልፋል። እባካችሁ አትለፉ። ሁለቱን ብቻ በደንብ እዩ። አንደኛው የአንጄላ ኮነር ነው፣ ከ1999 ጀምሮ አንድ ትንሽ ኩሬ ውስጥ ያለ። ከሩቅ የብረት እምቡጥ ይመስላል። የሚያንቀሳቅሰው ውሃው ነው። ውሃው ሲሞላ የብረት ቅጠሎቹ ቀስ እያሉ ይከፈታሉ፣ ከውስጥ የወርቅ ኳስ ብቅ ይላል። ከዚያ መልሰው ይዘጋሉ። ደቂቃዎች ይፈጃል። ሰዎች መጥተው ፎቶ አንስተው፣ ሳይከፈት ሲሄዱ አየሁ። እኛ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን ሦስት ጊዜ ሲከፈት አየነው። እናቴ ከሁለተኛው በኋላ ምንም አላወራችም። ሦስተኛው ሲዘጋ "ጽጌ" አለች፣ በቃ።

ሁለተኛው በረጅሙ ኩሬ ጫፍ ላይ ያለው የኤልሳቤጥ ፍሪንክ የጦር ፈረስ ነው። ነሐስ ነው። እስከዚያ መሄድ ትንሽ ይርቃል፣ ግን ሂዱ። ፈረሱ ጋ ስትደርሱ ወደ ኋላ ዙሩ። ፋውንቴኑ፣ ኩሬውና ቤቱ በአንድ መስመር ይታያሉ። ፀሐይ ካለ የመስኮቶቹ ፍሬም ያብረቀርቃል፤ ቀለም እንዳይመስላችሁ፣ በወርቅ የተለበጠ ነው። ፎቶ የምታነሱ ከሆነ እዚህ አንሱ።

የሪቻርድ ሎንግ የድንጋይ መስመርም አለ፣ መሬት ላይ የተደረደረ። አርካዲያ የሚባለው በቅርቡ የተተከለው ክፍልም በፀደይ ደስ ይላል። ጊዜ ካላችሁ እዩት።

አሁን ወደ ካቨንዲሽ። ስድስተኛው ዱክ በ1826 ጆሴፍ ፓክስተን የሚባል ወጣት አትክልተኛ ቀጠረ። ሥራ ሲጀምር ገና 22 ዓመቱ ነበር። ፓክስተን ለትሮፒክ ተክሎች የመስታወት ቤቶች ሠራ። ትልቁ ከ1836 እስከ 1841 ተሠርቶ በዘመኑ ስመ ጥር ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማሞቂያ የድንጋይ ከሰል ጠፍቶ ተክሎቹ ሞቱ፣ ሕንጻው በ1920 ፈረሰ። ዛሬ በቦታው በ1962 የተተከለ ውስብስብ የአጥር መንገድ አለ፣ ልጆች መውጫ ይፈልጉበታል። ፓክስተን ከሞሪሸስ የመጣ አንዲት የሙዝ ተክል ገዝቶ እዚህ አሳደጋት። በ1835 አበበች። በተከታዩ ዓመት ከመቶ በላይ ፍሬ ሰጥታ በሎንዶን የአትክልት ማኅበር ሽልማት አገኘች። በአሠሪው ስም ካቨንዲሽ አላት። ሚስዮናውያን ከዚሁ ወስደው ሳሞአ ተከሉት፣ ከዚያም ተሰራጨ። በ1950ዎቹ በሽታ ለውጭ ገበያ ይለማ የነበረውን የቀድሞ የሙዝ ዘር ሲያጠቃ ካቨንዲሽ ተተካ። ዛሬ ከአገር ወደ አገር የሚላከው ሙዝ ከሞላ ጎደል ሁሉ እሱ ነው።

እኔ ያደግኩት ላንቴ ነው፣ አርባ ምንጭ አጠገብ። አባቴ ሙዝ ነበረው። አይሱዙው ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ይወጣል፣ ከሥር የሙዝ ቅጠል ይነጠፋል፣ ዘለላው ይደረደራል፣ ሌሊቱን ወደ አዲስ አበባ አትክልት ተራ ይሄዳል። የትምህርት ቤት ደብተሬ ከዚያ ነው የተገዛው። አጭሩን ሙዝ፣ ነፋስ የማይጥለውን፣ የግብርና ባለሙያ "ካቨንዲሽ" ሲለው የመድኃኒት ስም ይመስለኝ ነበር። የሰው ቤተሰብ ስም መሆኑን ያወቅኩት እዚህ፣ አራተኛ ጉብኝቴ ላይ፣ ከአንዲት አስጎብኚ ነው። እንባዬ መጣ። ለምን እንደሆነ ዛሬም በደንብ መግለጽ አልችልም። እናቴን እዚህ ማምጣት የፈለግኩት ያን ቀን ነው።

ወደ ቤቱ እንግባ። የምታዩት ክፍል ብዙ ስለሆነ ሁሉን ላንብብ አትበሉ። በየክፍሉ የሚቆሙትን አስጎብኚዎች ጠይቁ። እንግሊዝኛችሁ ቢሰባበርም ጠይቁ፣ ደስ ብሏቸው ነው የሚያስረዱት። ደረጃ መውጣት ለሚከብደው ሰው ገና በር ላይ ሊፍት ይጠይቅ። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት እንደዚያ አደረግን።

መግቢያው ትልቁ አዳራሽ ጣሪያውና ግድግዳው በሥዕል የተሞላ ነው። ሉዊ ላገር የሣለው የጁልየስ ቄሣር ታሪክ ነው። ፎቅ ላይ ያለው የሙዚቃ ክፍል ውስጥ በግማሽ የተከፈተ በር ፈልጉ። ከኋላው ሌላ በር ላይ ቫዮሊን ተንጠልጥሏል። ቀረብ በሉና እዩት። ቫዮሊን የለም፣ ሥዕል ነው። ያን ቫን ደር ፋርት የሣለው ከ300 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ክሩ፣ ችንካሩ፣ ጥላው ሁሉ ቀለም ነው። እናቴ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፣ አላመነችም።

ጸሎት ቤቱ ጋ ቀስ በሉ። እኛ በሄድንበት ቀን የዴሚየን ኸርስት ወርቃማ ሐውልት ቆሞ ነበር። ሐዋርያው በርተሎሜዎስ ነው፣ የገዛ ቆዳው ተገፎ በክንዱ ላይ ተንጠልጥሏል። ጡንቻው ሁሉ ይታያል። እኔ ቶሎ ላሳልፋት ነበር፣ ትደነግጣለች ብዬ። እሷ ግን ማን እንደሆነ ጠየቀች። ስነግራት አማተበች። ከዚያ "የእኛ ስንክሳር እንዲህ አይልም" አለች። "በከረጢት አሸዋ ሞልተው ባሕር ጣሉት ነው የሚለው። መስከረም አንድ ነው በዓሉ።" አጠገባችን የቆሙት አስጎብኚ ምን እንዳለች ጠየቁኝ፣ ተረጎምኩላቸው። ያን ታሪክ ሰምተው አያውቁም ነበር፤ ደግማ እንድትነግራቸው ለመኗት። ከዚያ ሁለቱም እኔን መሃል አድርገው አሥር ደቂቃ አወሩ። እምነት ያላት እናት ይዛችሁ ስትሄዱ ዘመናዊውን ሥራ አትዝለሉባት ማለቴ ነው። እኛ ከምናስበው በላይ የሚናገሩት አላቸው።

ሌላው እንዳያመልጣችሁ የምለው በሴራሚክ ሰሌዳዎች የተሸፈነው መተላለፊያ ነው። ያዕቆብ ቫን ደር ብዩግል በ2014 የጨረሰው ነው። አሸዋማ ቀለም ያላቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰሌዳዎች ናቸው፣ ላያቸው ላይ ጎበጥ ጎበጥ ያለ ነገር አለ። የቤተሰቡ የዘር ቅንጣት፣ ዲኤንኤ፣ ነው። ሌሎቹ ክፍሎች በፊት ገጽታ ሥዕል የተሞሉ ናቸው፤ ይህ ግን ፊት የሌለው የቤተሰብ ምስል ነው። የሉሲያን ፍሮይድ ሥዕሎችም ከተሰቀሉ እዩ፣ 11ኛው ዱክና ባለቤቱ ዴቦራ ወዳጆቹ ነበሩ። ሥራዎቹ ቦታ ስለሚቀያየሩ አንድ የተለየ ነገር ለማየት ብቻ የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሐውልቶቹን አዳራሽ፣ የካኖቫን ነጭ እብነ በረዶች፣ እኔ በአምስት ደቂቃ ነው ያለፍኩት። የሚወድ ይቆይበት።

ምግብ። በድሮው የፈረስ ጋጣ ውስጥ ካፌና ሬስቶራንት አለ፣ ጥሩ ነው፣ ቅዳሜ ግን ሰልፍ ነው። እኛ የሰኔ ጾም ስለነበር ምሳ ዕቃ ይዘን ሄድን። ሽሮ ፍርፍር፣ ቃሪያ፣ በቴርሞስ ቡና። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በዚህ አገር አቆጣጠር እስከ ሦስት፣ ስለማትቀምስ ቤቱን ከጨረስን በኋላ አትክልቱ ሣር ላይ በላን። ማንም ምንም አይልም፣ ሽርሽር የወጣ ሰው ሁሉ ምግቡን ዘርግቷል። ቀኑን እንዲህ መከፋፈሉ ለጾመኛም ላልጾመም ይመቻል። ጠዋት አትክልት፣ ከሰዓት ቤት፣ ከዚያ ምግብ፣ ከዚያ ያልጠገባችሁትን አንድ ቦታ ድገሙ።

እኛ የደገምነው ዛሬ ያለውን፣ ከፈረሰው ሌላ የሆነውን የመስታወት ቤት ነው። ክፍት መሆኑን በር ላይ ጠይቁ፣ ሁልጊዜ አይደለም። ሙቀቱ ፊታችሁን ሲመታ አርባ ምንጭ የደረሳችሁ ይመስላችኋል። ሙዙ እዚያ ነበር። እናቴ ቅጠሉን አልነካችም። ጎንበስ ብላ ሥሩን አየች። ከእናቱ ጎን የበቀሉትን ቆጠረች፣ አራት ነበሩ። አንድ አትክልተኛ ውሃ ሲያጠጣ ስታይ "ንገሪልኝ" አለችኝ። "እናት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ። ሦስት ይበቃል። የቀረውን ያውጣ፣ አለዚያ ዘለላው ይቀጭጫል።" ነገርኩት። ሰውየው ቧንቧውን አስቀምጦ መጣና የትኛው ይውጣ ብሎ ጠየቀ። እሷም በጣቷ አሳየችው።

ጊዜ የሚተርፋችሁ ከሆነ ወንዙን ተሻግራችሁ ኤደንሶር የሚባለውን መንደር እዩ። ስድስተኛው ዱክ ከቤቱ እንዳይታይ ብሎ በ1830ዎቹ መጨረሻ ያስነሳውና በሌላ ቦታ ያሠራው መንደር ነው። ቤቶቹ ያምራሉ፣ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም። ለእይታ ሲባል ሰው ከቀዬው መነሳቱ ግን እኔን ያሳዝነኛል። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ፓክስተን ተቀብሯል። ካትሊን ኬኔዲም፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጆን ኬኔዲ እህት፣ እዚያ ናት። የዱኩን ወራሽ አግብታ ባሏ በ1944 ጦርነት ላይ ሞተ፣ እሷ በ1948 በአውሮፕላን አደጋ። ወንድሟ በሰኔ 1963 መጥቶ መቃብሯን ጎብኝቷል።

ፌርማታው ላይ ከሰዓቱ አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ፣ ማታ ላይ ሰው ይበዛል። እኛ ስንጠብቅ እናቴ በዋትስአፕ ላንቴ ያለውን አጎቴን ደወለችለት። ኔትወርኩ ይቆራረጥ ነበር። "አየሁት" ትለዋለች እየጮኸች። "ሙዙን! አያቱን! ቤቱ ውስጥ ሙቀት ሠርተውለት ተቀምጧል!" አጎቴ ስንት ዘለላ እንደያዘ ጠየቃት። አውቶቡሱ ሲመጣ ገና እየመለሰችለት ነበር።